ከሦስት ቅጂ ወደ አንድ ፓኬጅ፦ የኢትዮጵያ ቀን መምረጫ ኮምፖነንትን አዘጋጅቶ ስለማሳተም

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ውስጥ በግሌ የምሠራ የዌብ ባለሙያ ነኝ። ለአንድ ክሊኒክ፣ ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርና ለአንድ ሆቴል በሠራኋቸው ሲስተሞች ውስጥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን የሚመረጥበት ኮምፖነንት አለኝ። ሁለቱ በሪአክት፣ አንዱ በቪዩ በተባሉት የጃቫስክሪፕት ማዕቀፎች የተሠሩ ስለሆኑ ኮዱን ስገለብጥ ሦስት የተለያዩ ቅጂዎች ሆነውብኛል፤ አንዱ ላይ ያረምኩት ስህተት ሌላው ላይ ይቀራል። አንድ ፓኬጅ አድርጌ ኤንፒኤም በተባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ ላይ ላወጣው አስቤያለሁ። በሪአክት ልሥራው ወይስ ብራውዘሩ ያለ ማዕቀፍ በሚያውቀው በዌብ ኮምፖነንት? ከማሳተሜ በፊትስ ምን ማስተካከል አለብኝ?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ እኔም እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ከሚገኝ ጠባብ ቢሮ ሆኜ ይህንኑ ዓይነት ኮምፖነንት በአራት ፕሮጀክቶች ውስጥ ስገለብጥ ዓመታት ስላሳለፍኩ ችግርዎን በሚገባ አውቀዋለሁ። ስለ ሪአክትና ስለ ዌብ ኮምፖነንት ያነሡትን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ከእሱ በፊት መልስ የሚያስፈልገው፣ ብዙዎቻችን ግን ዘልለነው የምናልፈው ጥያቄ አለና። ይኸውም ኮምፖነንትዎ ከውጭ ምን ይቀበላል፣ ወደ ውጭስ ምን ይሰጣል የሚለው ነው። ኮዱ በራስዎ ፕሮጀክት ውስጥ እስካለ ድረስ ይህን ሳይወስኑ መኖር ይቻላል፤ ተጠቃሚው እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ የጎደለውን እዚያው ይሞሉታል። ፓኬጅ ከሆነ በኋላ ግን የማያውቁት ሰው፣ ኮድዎን አንድም መስመር ሳያነብ፣ በሚሰጠው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ዳታቤዙን ይገነባል፤ ያን ዋጋ በኋላ መቀየር ማለት የእሱን ሥራ ማፍረስ ማለት ነው።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ኮምፖነንትዎ የሚቀበለውም የሚሰጠውም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፈ፣ ዓመት፣ ወርና ቀንን በሰረዝ የለየ ጽሑፍ ይሁን፤ ለምሳሌ 2024-01-07። ይህ አይሶ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ ደረጃ ነው፤ የብራውዘሩ የራሱ የቀን ማስገቢያም የሚሰጠው ይህንኑ ነው፤ አብዛኛው ዳታቤዝም ያለ ተጨማሪ ቅየራ ይቀበለዋል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለዓይን የሚታይ ብቻ ይሁን። «የእኛን ቀን ለምን በፈረንጅ አስቀምጣለሁ?» የሚል ስሜት ይኖርዎት ይሆናል፤ እኔም ነበረኝ። ነገር ግን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት ከዳታቤዙ ሲጠይቅ፣ ዳታቤዙ ጳጉሜን የሚባል አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለ አያውቅም።

ጽሑፍ ይሁን ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የጃቫስክሪፕቱ የቀን ዕቃ፣ ማለትም ዴት የሚባለው፣ ከኮምፖነንትዎ ድንበር እንዲወጣ ፈጽሞ አይፍቀዱ። ምክንያቱን በራሴ ጥፋት ላስረዳ። ለአንድ የጤና ተቋም የክትባት ቀጠሮ መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። እናቶች ለጥር 15 ተቀጥረው፣ ቀኑ ካርዳቸው ላይ ተጽፎላቸው ይሄዳሉ፤ ሲስተሙ የሚያወጣው የዕለት ዝርዝር ግን ስማቸውን ጥር 14 ላይ ያስቀምጠዋል። ምክንያቱ የሰዓት ክልል ነበር። ተጠቃሚው ቀን ሲመርጥ ኮዴ ዴት ይፈጥራል፤ ያ ዴት የሚያመለክተው የዚያን ቀን እኩለ ሌሊት በእኛ ሰዓት ነው። የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም፣ ዴቱ ወደ አይሶ ጽሑፍ ሲቀየር እኩለ ሌሊቱ የቀደመው ቀን 21 ሰዓት ይሆናል፤ ከጽሑፉ ላይ ሰዓቱን ቆርጬ ስጥለው በእጄ የሚቀረው የትናንቱ ቀን ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ኮዱን የሚፈትሹት ፈተናዎቼ በሙሉ ማለፋቸው ነበር፤ ፈተናዎቹ የሚሮጡበት ሰርቨር ሰዓቱ በዩቲሲ ስለተሞላ ስህተቱ እዚያ ሊታይ አይችልም ነበር። የዚህ ተቃራኒም አለ፦ 2024-01-07 የሚል ጽሑፍ በዴት ሲነበብ የዩቲሲ እኩለ ሌሊት ተብሎ ስለሚተረጎም፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ ገጹን ሲከፍት ጃንዋሪ 6 ያያል። ስለዚህ ፈተናዎን ቢያንስ በሁለት የሰዓት ክልል፣ አንዴ በአዲስ አበባ አንዴም በኒው ዮርክ፣ ያሂዱት።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስቱን ቅጂዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ስሌቱን ከመልኩ ይለዩት። ቀን የሚቀይረው፣ የወሩን ርዝመት የሚነግረው፣ ወር የሚጨምረውና የሚቀንሰው ክፍል ስለ ሪአክትም፣ ስለ ቪዩም፣ ስለ ብራውዘሩም ምንም የማያውቅ ንጹሕ ጃቫስክሪፕት ወይም ታይፕስክሪፕት (የዓይነት መግለጫ የታከለበት ጃቫስክሪፕት) ይሁን፤ በምንም ሌላ ፓኬጅ ላይም አይደገፍ። አብዛኛው ጊዜ ሦስቱ ቅጂዎች የሚለያዩት በመልክ ሳይሆን በዚህ ስሌት ውስጥ በገባ የአንድ ቀን ማስተካከያ ነው፤ የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ አይገረሙ።

ስሌቱን በተመለከተ፣ «አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ግን 12 ነው» በሚል ደንብ የተጻፈ ኮድ ካለዎት ይተኩት። ይህ ደንብ የሚሠራው ከ1900 እስከ 2099 በጎርጎርዮስ ብቻ ነው፤ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1900 የተጨማሪ ቀን ዓመትን ዘልሏል፣ በ2100ም ይዘላል፣ የእኛ ግን አይዘልም። ደህናው መንገድ ሁለቱንም አቆጣጠሮች ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር፣ ማለትም ወደ ጁሊያን የቀን ቁጥር፣ መቀየር ነው። ለኢትዮጵያው ቀመሩ አጭር ነው፦ ከዓመቱ 1 ቀንሰው በ365 ያባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍለው ሙሉ ቁጥሩን ይጨምሩ፤ ከወሩ 1 ቀንሰው በ30 አባዝተው ይጨምሩ፤ ከቀኑ 1 ቀንሰው ይጨምሩ፤ በመጨረሻም 1,724,221 ይደምሩ። መስከረም 1 ቀን 2000 በዚህ ቀመር 2,454,356 ይሰጣል፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው፣ ሚሊኒየሙን ያከበርንበት ዕለት።

መፈተኛ ቀኖችዎን ሰው ከሚያውቃቸው በዓላት ይውሰዱ፤ ፈተናው ሲወድቅ የትኛው ወገን እንደተሳሳተ ወዲያው ይታወቃልና። ገና ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ 2016 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር፣ ሁለቱም ግን ጃንዋሪ 7 መስጠት አለባቸው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። የካቲት 23 ቀን 1888፣ የዓድዋ ድል ዕለት፣ ማርች 1 ቀን 1896 መሆን አለበት፤ ከላይ የጠቀስኩት አቋራጭ ደንብ ግን ማርች 2 ይሰጥዎታል። እንዲህ ያለ ስህተት የያዘ ፓኬጅ ይዞ አደባባይ መውጣት ያሳፍራል።

ከእነዚህ በተጨማሪ አንድ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መሣሪያ አለ። ዘመናዊ ብራውዘሮችና ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ኖድ ውስጥ ያለው ኢንተል የተባለው (በኮድ Intl ተብሎ የሚጻፈው) አብሮ የተሠራ ክፍል ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማተም ያውቃል፤ የካላንደሩ መለያ ስም ኢትዮፒክ ነው። ማተም እንጂ መልሶ ማንበብ ስለማይችል የራስዎን ስሌት አያስቀርልዎትም፤ ለማመሳከሪያ ግን እጅግ ይጠቅማል። ከ1900 መጀመሪያ እስከ 2099 መጨረሻ ያሉትን ወደ 73 ሺህ የሚጠጉ ቀኖች በሙሉ በራስዎ ስሌትና በኢንተል አስልተው ያነጻጽሯቸው። የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ ማድረግዎን አይርሱ፤ ማተሚያውንም ለእያንዳንዱ ቀን እንደገና ከመፍጠር ይልቅ አንዴ ብቻ ይፍጠሩት፣ አለበለዚያ ፈተናው ቡና እስኪፈላ ያቆይዎታል። ሲያነጻጽሩም ቁጥሮቹን እንጂ የወራቱን ስም አይመልከቱ፤ ስለ ስሞቹ ትንሽ ቆይቼ የምለው አለኝ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። በሪአክት ወይስ በዌብ ኮምፖነንት? ሦስቱም ፕሮጀክቶችዎ በሪአክት ቢሆኑ ኖሮ ያለ ማመንታት በሪአክት ይሥሩት እል ነበር። አንዱ በቪዩ ስለሆነ ግን፣ ነገም የሚመጣው ደንበኛ በምን እንደሚሠራ ስለማይታወቅ፣ መልኩን በዌብ ኮምፖነንት ቢሠሩት ይሻላል። የዌብ ኮምፖነንት መሠረት የሆኑት፣ ገንቢው ራሱ ስም ሰጥቶ የሚፈጥራቸው ኤለመንቶች በክሮም ከ2016፣ በሳፋሪ ከ2017፣ በፋየርፎክስ ከ2018 ጀምሮ አሉ። በፊት የነበረው ዋናው እንቅፋት ሪአክት ነበር፤ የሚሰጠውን ዋጋ ሁሉ ጽሑፍ አድርጎ ስለሚያስተላልፍና ኤለመንቱ የሚልካቸውን የራሱን ክስተቶች ስለማያዳምጥ መሃል ላይ ማገናኛ ኮድ መጻፍ ግዴታ ነበር። በ2024 ዲሴምበር የወጣው ሪአክት 19 ይህን አስተካክሎታል። የክሊኒኩ ሲስተም በሪአክት ተሠርቶ ገና በ18 ላይ ከሆነ ሠላሳ መስመር የማትሞላ መጠቅለያ ጽፈው ለብቻዋ መግቢያ ይስጧት። ቪዩ ደግሞ የኤለመንቱ ስም የራሱ ኮምፖነንት እንዳልሆነ በማዋቀሪያው ላይ እንዲነገረው ብቻ ይፈልጋል።

ዌብ ኮምፖነንት ሲመርጡ ሦስት ወጥመዶች አሉ፤ እኔ ሦስቱም ውስጥ ወድቄያለሁ። የመጀመሪያው ፎርም ነው። በሻዶው ዶም፣ ማለትም ከቀረው ገጽ በተነጠለው የኤለመንቱ የውስጥ ክፍል፣ የተቀመጠ የጽሑፍ ማስገቢያ በውጭ ያለው ፎርም አያየውም፤ ተጠቃሚው ቀን መርጦ «መዝግብ» ሲል ቀኑ ሳይላክ ይቀራል፣ ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። መፍትሔው ኤለመንትዎን ከፎርም ጋር የሚተባበር ብለው ማወጅና በኤለመንት ኢንተርናልስ በኩል ዋጋውን ለፎርሙ ማስረከብ ነው፤ ይህ በሳፋሪ የገባው በ2023 ከወጣው 16.4 ጀምሮ ስለሆነ አሮጌ አይፎን የያዙ ደንበኞች ካሉዎት ስውር ማስገቢያ ከውጭ ማስቀመጥን እንደ መጠባበቂያ ያስቡበት። ሁለተኛው ስም ነው። የኤለመንቱ ስም ሰረዝ ሊኖረው ግድ ነው፤ አንድ ስም ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ስለማይችል፣ የፓኬጅዎ ሁለት ቨርዥኖች በአንድ ገጽ ከተገናኙ ሁለተኛው ስህተት ይወረውርና ገጹን ያቆመዋል። ከመመዝገብዎ በፊት ስሙ ተይዞ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሦስተኛው ወጥመድ በጣም ስውር ነው። የፓኬጁ መግለጫ ፋይል በሆነው ፓኬጅ ዶት ጄሰን ውስጥ ሳይድ ኢፌክትስ የሚባል መስክ አለ፤ ብዙ መመሪያዎች «ፓኬጁ እንዲቀል ፎልስ ያድርጉት» ይላሉ። ይህ ለስሌቱ ክፍል ትክክል ነው። ኤለመንቱን የሚመዘግበው ፋይል ግን ሥራው ሁሉ መመዝገብ ነው፤ ከእሱ የሚወሰድ ስም ስለሌለ፣ ኮዱን ለሥራ የሚጠቀልለው መሣሪያ «ይህ ፋይል ምንም አያደርግም» ብሎ ከመጨረሻው ውጤት ያወጣዋል። በእርስዎ ማሽን በልማት ጊዜ ይሠራል፤ ደንበኛው ጋ ለሥራ ሲዘጋጅ ግን ቀን መምረጫው ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በዚያ መስክ ላይ የመመዝገቢያውን ፋይል፣ ለብቻው የተቀመጠ የሲኤስኤስ ፋይል ካለም እሱን፣ በስም ይዘርዝሩ።

የሪአክት መጠቅለያውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሪአክትን በተራ ጥገኞች ዝርዝር ውስጥ አያስገቡት፤ የደንበኛው ፕሮጀክት ራሱ እንዲያቀርበው በሚጠይቀው በፒር ዲፔንደንሲ ያስቀምጡት። አለበለዚያ በደንበኛው ፕሮጀክት ውስጥ ሁለት ሪአክት ሊገባ ይችላል፤ ያን ጊዜ «ኢንቫሊድ ሁክ ኮል» የሚል ስህተት ይመጣል፣ ምክንያቱን ለማግኘትም ሰው ቀኑን ሙሉ ኮዱን ሲያገላብጥ ይውላል።

ስለ ውጫዊ መልክ ብዙ አልልም። ቀለሞቹንና ክፍተቶቹን በሲኤስኤስ ተለዋዋጮች ያድርጓቸው፤ እነዚህ ወደ ሻዶው ዶም ዘልቀው ይገባሉ። የፊደል ዓይነትም ከገጹ ስለሚወረስ፣ የግዕዝ ፎንት በፓኬጅዎ ውስጥ አያሽጉ፤ ገጹ ቀድሞ የራሱ አለው፣ በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰውም ሁለት ጊዜ መክፈል የለበትም።

ስለ ወራት ስሞች ግን ትንሽ ልቆይ። የአማርኛው አጻጻፍ ራሱ አንድ አይደለም፤ ኅዳርና ህዳር፣ ታኅሣሥና ታህሳስ፣ ነሐሴና ነሃሴ፣ ጳጉሜንና ጳጉሜ በየመሥሪያ ቤቱ ይለያያሉ፤ በደብዳቤው አጻጻፍ የሚከራከር ኃላፊ ደግሞ በሲስተሙ ላይም ይከራከራል። እዚህ ድሬዳዋ ደግሞ ከአማርኛው ጎን አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የሚፈልግ ተጠቃሚ ሁልጊዜ አለ፤ ሐረር ሲሄዱ ሐረሪም ይጨመራል። ለእነዚህ ሁሉ ትርጉም አዘጋጅተው በፓኬጁ ውስጥ ለመጨመር አይሞክሩ፤ በማያውቁት ቋንቋ የተሳሳተ የወር ስም ማተም የእርስዎ ጥፋት ይሆናል። አማርኛውን እንደ መነሻ ሰጥተው፣ ተጠቃሚው የራሱን 13 ስሞች ዝርዝር እንዲያቀብል በር ይክፈቱለት። በዚያው የ«ዛሬ»፣ የ«ሰርዝ»ና የ«ቀጣይ ወር» ጽሑፎችም ከውጭ የሚቀየሩ ይሁኑ።

በር መክፈት ስል ግን ለሁሉ አይደለም። የሂጅራን አቆጣጠር፣ የወንጌላዊውን ስም፣ የጾም ቀኖችን፣ የግዕዝ ቁጥሮችን እንድጨምር የጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም መልካም ሐሳብ ነው፣ ግን አንዱንም ቀን መምረጫው ውስጥ አላስገባሁም። ስሌቱ ለብቻው ስለወጣ የሚፈልገው ሰው በላዩ ላይ መሥራት ይችላል።

ጳጉሜንን ሲያሳዩ ሁለት ነገር ይጠብቁ። ወር ሲቀያየር፣ ነሐሴ 30 ላይ የነበረ ተጠቃሚ ወደ ጳጉሜን ሲያልፍ ቀኑ ወደ 5 ወይም 6 ይውረድ፤ ከጳጉሜን 6 አንድ ዓመት ሲጨመርም 5 ይሁን። የገጹ ቁመት ደግሞ ባለበት ይቆይ፤ አምስት ቀን ብቻ ስላለ ሳጥኑ ድንገት ቢያጥር፣ ጣቱን «ቀጣይ» ላይ ያደረገ ሰው ሳያስበው ሌላ ነገር ይጫናል።

በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከብዙዎቻችን ሐሳብ የሚወጣ ነው። በዚህ ላይ የተስማማንበት ልማድ አለ፦ የግራና የቀኝ ቀስቶች በቀን፣ የላይና የታች ቀስቶች በሳምንት፣ ፔጅ አፕና ፔጅ ዳውን በወር፣ ከሺፍት ጋር ሲሆኑ በዓመት ያንቀሳቅሳሉ፤ ኢስኬፕ ይዘጋል፣ ሲዘጋም ትኩረቱ ቀን መምረጫውን ወደከፈተው ቁልፍ ይመለሳል። የክሊኒኩ መዝጋቢ በቀን መቶ ሰው ስትመዘግብ ማውሱን ሳትነካ መጨረስ ከቻለች የፓኬጅዎ ትልቁ ምስጋና ከእሷ ይመጣል።

አሁን ወደ ማሸጉ። ለግንባታ ቪት የተባለው መሣሪያ ያለው የላይብረሪ አሠራር ይበቃዎታል። ውጤቱን በዘመናዊው የጃቫስክሪፕት ሞጁል ስልት፣ በኢኤስ ሞጁል፣ ብቻ ያውጡ፣ የታይፕስክሪፕት የዓይነት መግለጫዎችንም ይጨምሩ፤ ለአሮጌው የኖድ አጫጫን ስልት ሁለተኛ ቅጂ ማዘጋጀት ለብራውዘር ኮምፖነንት የሚያመጣው ጥቅም ከጣጣው ያንሳል ብዬ አምናለሁ። በዚያው በፓኬጅ ዶት ጄሰን በኤክስፖርትስ መስክ ላይ ሦስት መግቢያዎችን ብቻ ይግለጹ፣ ለኤለመንቱ፣ ለስሌቱና ለሪአክት መጠቅለያው። ያልገለጹት ፋይል ከውጭ አይደረስበትም፤ ነገ የውስጡን አደረጃጀት እንዳሻዎ ለመቀየር ነጻ የሚያደርግዎት ይህ ነው። በፋይልስ መስክ ላይ የተገነባውን ፎልደር ብቻ ይጥቀሱ። ይህን ያልኩት ስለ መጠን ብቻ አይደለም፤ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል የያዘ የማዋቀሪያ ፋይል ሳያውቀው ከፓኬጁ ጋር ያሳተመ ሰው አውቃለሁ።

ከማሳተምዎ በፊት ኤንፒኤም ፓክ የሚለውን ትእዛዝ ይጠቀሙ። ሊታተም የነበረውን ፓኬጅ እንዳለ አሽጎ በአንድ ፋይል ይሰጥዎታል፤ ድራይ ራን ከጨመሩበት ምን ምን ፋይል እንደሚሄድ ብቻ ዘርዝሮ ያሳይዎታል። ያንን የታሸገ ፋይል በባዶ የሪአክት ፕሮጀክትና በባዶ የቪዩ ፕሮጀክት ውስጥ ይጫኑትና፣ ፕሮጀክቶቹን ለሥራ ገንብተው በብራውዘር ይክፈቷቸው። ኤንፒኤም ሊንክ የሚባለውን አቋራጭ ለዚህ አልመክርም፤ የእርስዎን ፎልደር በቀጥታ ስለሚያገናኝ ያልታሸገውን ፋይል ጭምር ያያል፣ ከላይ ያነሣሁትን የሁለት ሪአክት ችግርም ራሱ ይፈጥራል። የኔትወርክ ጉዳይ ስላለብን ይህ አሠራር ሌላ ጥቅምም አለው፤ በኢንተርኔት ምንም ሳይወጣ ሁሉን ማረጋገጥ ይቻላል።

ይህን ያህል ያስጠነቀቅኩት ማሳተም ስለማይቀለበስ ነው። በማርች 2016 አንድ ገንቢ 11 መስመር ብቻ የነበረችውን ሌፍት ፓድ የተባለች ፓኬጅ ከኤንፒኤም ባነሣ ጊዜ በእሷ ላይ የተደገፉ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቁመው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የማንሣት ደንቡ ጠበቀ። ዛሬ ያሳተሙትን በ72 ሰዓት ውስጥ ማንሣት የሚችሉት ሌላ ፓኬጅ ካልተደገፈበት ነው፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ያልተደገፈበት፣ ባለፈው ሳምንት ከ300 ጊዜ በታች የወረደና አንድ ባለቤት ብቻ ያለው መሆን አለበት። ቢያነሡትም ያንኑ የቨርዥን ቁጥር ዳግመኛ መጠቀም አይችሉም። ስህተት ካሳተሙ ማንሣቱን ትተው የታረመውን በአዲስ ቁጥር ያውጡ፤ የተበላሸውን ደግሞ ዲፕሪኬት በሚለው ትእዛዝ ምክንያቱን ጽፈው ምልክት ያድርጉበት።

ቁጥሩን በተመለከተ ሦስቱ አኃዞች ትርጉም አላቸው። የመጨረሻው ለእርማት፣ የመሃሉ የቆየውን ለማይነካ ጭማሪ፣ የመጀመሪያው የቆየውን ለሚሰብር ለውጥ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ወሩን ከ0 የሚቆጥረውን አሠራር ከ1 እንዲቆጥር «አረምኩ»ና የመጨረሻውን አኃዝ ብቻ ከፍ አድርጌ አሳተምኩ። ለእኔ እርማት ነበር፤ ፓኬጁን ይጠቀም ለነበረ ባልደረባዬ ግን በማግስቱ የደንበኞቹ ደረሰኞች በሙሉ አንድ ወር ወደፊት ተንሸራተው አገኛቸው፤ ኤንፒኤም እንዲህ ያለውን ለውጥ ሳይጠይቅ ስለሚጭን። ከዚያ ወዲህ ራሴን የምጠይቀው «ይህ ስህተት ነበር ወይ?» ብዬ ሳይሆን «በቀድሞው ላይ ተመሥርቶ የሠራ ሰው ይጎዳል ወይ?» ብዬ ነው። እርስዎ በ0.1.0 ይጀምሩ፤ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ገና እንዳልረጋ ይነግራል፣ ኤንፒኤምም በልማዳዊው አጻጻፍ ከ0.1 ወደ 0.2 በራሱ አያሻግርም። ሦስቱም ፕሮጀክቶችዎ አንድ የጳጉሜን ወር ካለፉበት በኋላ 1.0.0 ይበሉት።

ስሙን በራስዎ ወይም በድርጅትዎ ስም ሥር ያድርጉት፤ እንዲህ ያለው ፓኬጅ በነባሪው የግል ተደርጎ ስለሚወሰድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳትሙ አክሰስ ፐብሊክ ብለው መጨመር አለብዎት። ፈቃዱ ኤምአይቲ የተባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ ቢሆን ማንም ያለ ሥጋት ይጠቀምበታል፤ ኮዱን የከፈለበት ደንበኛ ካለ ግን መጀመሪያ የውላችሁን ወረቀት ይመልከቱ፣ ኮዱ የማን እንደሆነ እዚያ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። መለያዎን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠብቁ፤ በሴፕቴምበር 2025 ቾክና ዲባግ የተባሉት እጅግ ታዋቂ ፓኬጆች በክፉ ኮድ የተበከሉት፣ ባለቤታቸው «ማረጋገጫዎን ያድሱ» የሚል የሐሰት ኢሜይል ደርሶት በመታለሉ ነበር። እንዲህ ያለ ኢሜይል ሲመጣ ሊንኩን አይጫኑ፤ አድራሻውን በእጅዎ ጽፈው ይግቡ።

ከታተመ በኋላ ሦስቱን ፕሮጀክቶች በአንድ ቀን አያዛውሩ። በሆቴሉ ይጀምሩ፤ እዚያ የተሳሳተ ቀን ቢገኝ እንግዳ ተቀባዩ ወዲያው ያያል፣ በስልክም ይስተካከላል። ከዚያ ማኅበሩ ይቀጥል። ክሊኒኩን ከማዛወርዎ በፊት በዳታቤዙ ውስጥ ያሉትን የቆዩ ቀኖች በአሮጌው ቅጂና በአዲሱ ፓኬጅ አስነብበው ያወዳድሩ፤ የተለያዩትን አንድ በአንድ ከካርዱ ጋር ያመሳክሩ። አሮጌው ቅጂ ያስገባው የአንድ ቀን ስህተት ካለ ፓኬጁ ያጋልጠዋል እንጂ አያርመውም፤ መዝገቡን ማስተካከል የክሊኒኩ ኃላፊ ሳያውቅ የሚሠራ ሥራ አይደለም።